ቅርጹ ያልተጻፈለት ጥድ

የመጽሐፉ ርዕስ፦ ጠቃሚ የኢትዮጵያ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች (በእንግሊዝኛ የተጻፈ)
ደራሲ፦ አዘነ በቀለ ተሰማ
እትም፦ የመጀመሪያው 1993 እ.ኤ.አ.፣ የተሻሻለው 2007 እ.ኤ.አ.፣ ናይሮቢ

ከዐሥር ዓመት በፊት ለግቢዬ በር ሁለት ጥድ ልገዛ አስፋልት ዳር ችግኝ ከሚሸጥበት ቦታ ሄድኩ። የምፈልገውን በቃል ማስረዳት ስላቃተኝ በእጄ አሳየሁ፤ ሁለት መዳፎቼን አቀራርቤ ወደ ላይ ሰደድኳቸው። «እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣ ወደ ጎን የማይሰፋ» አልኩት። ሻጩ ልጅ ወዲያው ገባው። ከጥግ ከተደረደሩት ላስቲኮች መካከል ሁለት ቀጫጭን ችግኞች መዝዞ አወጣልኝ። «የሐበሻ ነው የፈረንጅ?» ስለው ሳቀ። «ጋሼ፣ ጥድ ጥድ ነው!»

ባለፈው በጋ ሁለቱም አፈሩ። ፍሬያቸው እንደ እንጨት የደረቀ፣ በጥፍር መሳይ ቅርፊቶች የተከፋፈለ፣ ሲደርቅ በየስፌቱ የሚሰነጠቅ ድቡልቡል ነው። የሐበሻ ጥድ ፍሬ እንዲህ አይደለም፤ ከአተር የማይበልጥ፣ ለስላሳ፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚያደላ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነው፤ ወፍ ይለቅመዋል። እነዚህን ግን ወፍ ዞር ብሎም አላያቸው። የገዛሁት የሜዲትራኒያን ሳይፕረስ ኖሯል። በሩን አሳምረውታልና አልተቆጣሁም። ነገር ግን «ጥድ ጥድ ነው» የሚለው አነጋገር ከነከነኝ፤ ከመደርደሪያዬ ላይ ለዓመታት የቆየውን የአዘነ በቀለን መጽሐፍ አውርጄ እንደገና ማንበብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

በአገራችን የደን ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ከማይጠፉ መጻሕፍት አንዱ ይህ ነው። ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር የተለጠፈ፣ ጠርዙ በችግኝ ጣቢያ ጭቃ የተነካካ ቅጂ አይቻለሁ፤ ለመጽሐፍ ከዚህ የበለጠ ሽልማት ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ይህ ዳሰሳ መጽሐፉን ለማስተዋወቅ የተጻፈ አይደለም። ጥያቄዬ ጠበብ ያለ ነው፦ አንድ የከተማ ሰው በትንሽ ግቢው ውስጥ ቀጥ ያለ ጥድ ተክሎ ማሳደግ ቢፈልግ ይህ መጽሐፍ ምን ይነግረዋል? ምንስ ይደብቀዋል?

ስምና ስፍራ፦ የመጽሐፉ ጉልበት

የመጀመሪያው እትም በስዊድን የልማት ድርጅት በሚደገፈው የአካባቢ አፈር ጥበቃ ክፍል አማካይነት ሲወጣ አን ቢርኒና ቦ ቴንግኔስ የሥራው ተባባሪዎች ነበሩ። የ2007ቱ እትም ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ሆኖ ሲመለስ እንሰርሙ ቀልቤሳንና ሰብስቤ ደምሴውን የመሳሰሉ የዕፅዋት ሊቃውንት በአርትዖቱ ተሳትፈውበታል። አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ዛፍ የራሱ ገጽ አለው። በገጹ ላይ ሥዕሉ፣ ሳይንሳዊ ስሙ፣ በየቋንቋው የሚጠራበት ስም፣ የሚስማማው አየር፣ ጥቅሙ፣ መልኩ፣ አረባቡ፣ የዘሩ ጠባይና አያያዙ በተርታ ይሰፍራሉ። አንባቢ አንዱን ገጽ ከለመደ ሁሉንም ለመደ ማለት ነው።

ከሁሉ የምወድለት የስሞቹን ዝርዝር ነው። ጥድ፣ ጽሕዲ፣ ጋቲራ፣ ሂንዴሳ ተብሎ የሚጠራው አንድ ዛፍ መሆኑን በአንድ ገጽ ላይ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። የባሌው ገበሬና የአዲግራቱ ገበሬ ስለ አንድ ዛፍ እየተነጋገሩ እንደሆነ የሚያሳውቅ ድልድይ ነው። የሻጩን ልጅ «ጥድ ጥድ ነው» የሚያፈርሰውም ይኸው ዝርዝር ነው፤ የሐበሻ ጥድ በአንድ ገጽ፣ የፈረንጅ ጥድ በሌላ ገጽ ለየብቻቸው ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ጁኒፐር ነው። ሁለተኛው፣ ከገዛሁት የሜዲትራኒያን ዓይነት ቢለይም፣ ሳይፕረስ ነው። በአንድ ቤተሰብ ያሉ ዘመዳሞች ቢሆኑም ወንድማማች አይደሉም።

የፈረንጅ ጥድ ስም ራሱን የቻለ ቀልድ አለው። ሳይንሳዊ ስሙ የፖርቱጋል ያደርገዋል፤ እኛ የፈረንጅ እንለዋለን፤ ዛፉ ግን የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ተራሮች ልጅ ነው። የሐበሻው ጥድ ስም በአንጻሩ እውነተኛ ነው። በ1847 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መዝገብ ሲገባ የተሰጠው የላቲን ቅጽል «ዘለግ ያለ» ማለት ነው፤ 30 እና 40 ሜትር ድረስ ለሚመዘዝ ዛፍ የሚገባ ስም ነው። ከምድር ወገብ ተሻግሮ ወደ ደቡብ በተፈጥሮ የሚበቅል ጁኒፐርም እርሱ ብቻ ነው፤ ከዓረብ ምድር ተነሥቶ በእኛ ደጋ በኩል እስከ ዚምባብዌ ይዘልቃል።

ሁለተኛው የመጽሐፉ ጉልበት የ2007ቱ እትም በንዑስ ርዕሱ የያዛቸው 17 የአየር ንብረት ቀጠናዎች ናቸው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የሚለው የአባቶች አከፋፈል በደረቅ፣ በእርጥበታማና በዝናባማ እየተመነዘረ የሳይንስ መለኪያ ሆኗል። ይህ ብልህነት ነው። ገበሬው ቦታውን በሜትር ከፍታ ባያውቀውም ደረቅ ወይና ደጋ መሆኑን ያውቃል። ከተሜውም ቢሆን እንጦጦ ሥር የሚያድግ ዛፍ አዋሽ ዳር እንደማይሆን የሚረዳው በዚህ ቋንቋ ነው። ጥድ የደጋና የወይና ደጋ ዛፍ መሆኑን አውቆ የተነሣ ሰው ግማሹን ስሕተት አስቀድሞ አምልጧል።

ጥቅም የተባለው መነጽር

ድክመቱ የሚጀምረው ከርዕሱ ነው። «ጠቃሚ» የሚለው ቃል ለዛፉ የቀረበ ጥያቄ ነው፦ ምን ትሰጠኛለህ? መልሱም በየገጹ ይመጣል፤ ማገዶ፣ ሳንቃ፣ አጣና፣ ቋሚ፣ መኖ፣ መድኃኒት፣ የንብ ቀሰም፣ ጥላ። ጌጥ የሚለው ጥቅም በብዙ ዛፎች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ግን ያው አንድ ቃል ነው። እንዴት ያለ ጌጥ? ለሰፊ ሜዳ ወይስ ለጠባብ ግቢ? ብቻውን የሚቆም ወይስ በረድፍ? ለዚህ መልስ የለም።

ለጥድ ሲሆን ጉዳዩ ይብሳል፤ የጥድ ጥቅም ዝና ሌላውን ሁሉ ይሸፍናልና። የጥድ ቋሚ ምስጥ አይደፍረውም፣ አፈር ውስጥ ዘመን ይቆጥራል። የአያቶቻችን ቤትና አጥር ቆሞ የነበረው በእርሱ ነው። የእንግሊዝኛው ስሙ እንኳ «የአፍሪካ የእርሳስ ጥድ» የሚል ነው፤ የሰሜን አሜሪካው የአጎት ልጅ ለእርሳስ ፋብሪካ ተጨፍጭፎ ሲመናመን የምሥራቅ አፍሪካው ጥድ ከኬንያ ደኖች እየተጫነ ምትክ ሆኖ ነበር። ስሙ ራሱ ጥቅሙ ነው። ዛፉን ሲያይ ምሰሶ፣ ሳንቃና እርሳስ የሚታየው ዓይን ቅርጹን ለማየት ፋታ አያገኝም።

መጽሐፉ ስለ ቅርጽ ፈጽሞ አይናገርም ማለቴ አይደለም። የመልክ መግለጫ ለየዛፉ አለው፤ ነገር ግን መግለጫው የመለያ ምልክት ነው፤ ቅጠሉ እንዲህ፣ ልጡ እንዲያ፣ ፍሬው ይህን ያህል እያለ ዛፉን ከሌላ ዛፍ እንድንለይ ይረዳናል። አንዱን ጥድ ከሌላው ጥድ እንድንለይ ግን አያስተምረንም። የአትክልተኛ ጥያቄ ደግሞ እዚህ ላይ ነው።

አምድ እንዴት ይወለዳል?

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ግቢዎች የሚታዩትን ቀጫጭን ጁኒፐሮች እንመልከት። ስካይሮኬት የሚባለው ቁመቱ አምስትና ስድስት ሜትር ደርሶ ወርዱ ከአንድ ሜትር አያልፍም፤ ስሙ እንደሚለው ወደ ሰማይ የተተኮሰ ነው። የአየርላንድ ጁኒፐር የሚባለው ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በመናፈሻዎችና በመቃብር ስፍራዎች የታወቀ ነው። ቴይለር የሚባለው ደግሞ ስሙን ያገኘው ኔብራስካ ውስጥ ካለች ትንሽ መንደር ነው።

እነዚህ ራሳቸውን የቻሉ የዛፍ ዓይነቶች አይደሉም። እያንዳንዳቸው አንድ ግለሰብ ናቸው። ከብዙ ሺህ ተራ ዛፎች መካከል ቅርንጫፎቹን ከጎኑ ሰብስቦ የተወለደ አንድ ዛፍ ተገኘ፤ ያየው ሰው ዓይን ነበረውና ቁራጭ ወሰደ፤ ቁራጩን ሥር አስያዘ፤ ከዚያ ቁራጭ ሌላ ቁራጭ እየወሰዱ ዛሬ በሺህ ግቢዎች የቆመው ሁሉ የዚያ የአንዱ ዛፍ አካል ነው። የቴይለር ታሪክ በተለይ ያስቀናኛል። የወጣበት የምሥራቅ አሜሪካ ጁኒፐር በኔብራስካ ብርቅ ዛፍ አይደለም፤ ከብት አርቢው የግጦሽ መሬቱን ወረረብኝ ብሎ የሚነቅለው ነው። ከዚያ ከተናቀው መንጋ መካከል አንዱ ቀጭን ሆኖ ተገኘና የመንደሪቱን ስም አስጠራ።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት አጭር ነው። ቅርጽ በዘር አይታመንም። የስካይሮኬትን ዘር ብትዘራ ልጆቹ እንደ ማንኛውም ጁኒፐር አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ የተንጋደደ ሆነው ይወጣሉ። አምድ የፈለገ ሰው ቁራጭ ሥር ማስያዝ አለበት።

መጽሐፉ ግን የተጻፈው ለዘር ነው፤ የየዛፉ ገጽ የዘር መረጃ የሚል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ለደን ተካይ ይህ ትክክል ነው፤ እንዲያውም ግዴታ ነው። አንድ ተራራ ሙሉ በአንድ ዛፍ ቅጂ መሸፈን ለተባይ ድግስ መደገስ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በማላዊ የታየው የሳይፕረስ ክሽክሽ በምሥራቅ አፍሪካ ተዛምቶ ወጥ የሆኑ የፈረንጅ ጥድ ተክሎችን እንዴት እንዳደረቀ የደን ሰዎች አይረሱትም፤ የሐበሻውንም ጥድ አልማረም። ስለዚህ መጽሐፉ ዘርን ማስቀደሙ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ ለተራራው የጻፈውን መልስ ለግቢውም እንዲያገለግል መተዉ ነው።

ጉድለቱን በከፊል የሞላው ሌላ ኢትዮጵያዊ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ሊቅ ለገሰ ነጋሽ የአገር በቀል ዛፎችን አረባብ ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ናቸው። የሐበሻ ጥድን ከቁራጭ ማርባት እንደሚቻል ያሳየውን ሥራቸውን በ2002 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ የደን መጽሔት አሳትመውታል። ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው አዘነ የአገሩን ብዙ ዛፎች በአንድ ጥራዝ እንደሰበሰቡ፣ ለገሰ ደግሞ ጥቂት ዛፎችን ይዘው ወደ ጥልቁ እንደወረዱ ያያል። አትክልተኛው የሚያስፈልገው መጽሐፍ በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ እርሱ ደግሞ ገና አልተጻፈም።

መጽሐፉን ይዞ ግቢ መውረድ

መጽሐፍ በወንበር ላይ ብቻ አይዳሰስም፤ በተለይ እንዲህ ያለው። ከበሩ ሳይፕረሶች ከሦስት ዓመት በኋላ ከደን ችግኝ ጣቢያ ስድስት የሐበሻ ጥድ ችግኝ አምጥቼ በጓሮው አጥር ተክያለሁ። ዛሬ ሁሉም ከቁመቴ አልፈዋል። በእነርሱ ላይ መጽሐፉን ስፈትነው ያገኘሁት ይህን ነው።

በቦታ ምርጫ መጽሐፉ አልከዳኝም። ጥድ የደጋ ዛፍ ነው፣ ብርሃን ይወዳል፣ ድርቅ ይችላል። የጎረቤቴ ግንብ ጥላ የሚያጠቃው ስድስተኛው ችግኝ ከሌሎቹ በክንድ ያነሰና ከታች የሳሳ ሆኖ ቀርቷል፤ ይህን አስቀድሜ ማወቅ እችል ነበር። አፈር ላይ ግን አትክልተኛው የራሱን ዕውቀት መጨመር አለበት። በከተማችን ብዙ ቦታ ዋልካ አለ። ዋልካ ክረምት ውኃ ያቁራል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ቀጥ ያሉት ጁኒፐሮች ሁሉ፣ የሐበሻውም የውጭውም፣ ከድርቅ ይልቅ የሚፈሩት እግራቸው ውኃ ውስጥ መቆሙን ነው። መፍትሔው አፈሩን ከፍ አድርጎ ጉብታ መሥራት፣ ገለባና የበሰበሰ ፍግ መቀላቀል፣ ጉድጓዱን እንደ ገንዳ ጎድጉዶ አለመተው ነው። ችግኙን ሰኔ መጨረሻ ላይ ክረምቱ ሲጸና መትከል፣ የመጀመሪያውን በጋ በሳምንት አንዴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት፣ ከዚያ መተው። ጥድን በየቀኑ የሚያጠጣ ሰው ዛፉን ሣር አድርጎታል።

በርቀት ላይ የመጽሐፉ ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል። የሐበሻ ጥድ በወጣትነቱ ሾጣጣ ሆኖ የሚያምር ስለሆነ ሰው እንደ አምድ ቆጥሮ ከግንቡ ሥር ይለጥፈዋል። ዛፉ ግን ዘለግ ያለ የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ሲያረጅ አናቱን ይከፍታል፣ ይዘረጋል። ከግንብ ቢያንስ አራት ሜትር መራቅ፣ ከመብራት ሽቦ ሥር ፈጽሞ አለመትከል ያስፈልጋል። ቅጠሉ ሙጫ ያለውና በቀላሉ የሚነድ በመሆኑም ከማድ ቤት ጭስ መውጫ አጠገብ ቦታው አይደለም። አንድ ሜትር ብቻ ያለው ሰው የሚያስፈልገው በቁራጭ የረባ እውነተኛ አምድ ነው።

መቀስን በተመለከተ ደግሞ ጥድና ሌላው አጥር አንድ አይደሉም። ጁኒፐር ቅጠል ከሌለው ከቡናማው እንጨት አያቆጠቁጥም። አረንጓዴውን ጫፍ በስሱ ብትነካው ጥቅጥቅ ይላል፤ ወደ ውስጥ ዘልቀህ ብትቆርጥ ግን ያ ቀዳዳ ዕድሜ ልኩን አይዘጋም። አናቱን መቁረጥ ይብሳል፤ አንዱ መሪ ሲሞት ሦስት አራት ቅርንጫፎች ለመሪነት ይሻማሉ፣ ቀጥተኛነቱም እዚያው ያበቃል። በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲጋመስ በየመንገዱ ዳር የሚሸጠውን የገና ዛፍ ሳይ የማስበው ይህን ነው። አናቱ ለሦስት ሳምንት ሳሎን አጊጦ ይጣላል፣ ከኋላ የቀረው ዛፍ ግን ዳግም ቀጥ አይልም። በረዶ በሚጥልበት አገር አትክልተኞች የአምዶቻቸው ቅርንጫፍ በበረዶ ክብደት እንዳይገነጠል ለክረምት በገመድ ጠምጥመው ያስራሉ። እኛ አገር ገመድ አያስፈልግም፤ ቢላዋን ማራቅ ይበቃል።

በር ጠባቂና ደብር

አምድ የሆነ ዛፍ በግቢ ውስጥ ምን ይሠራል? በእኛ ከተማ መልሱ አንድ ብቻ ይመስላል፤ ከበሩ ግራና ቀኝ እንደ ዘበኛ መቆም። እኔም ያደረግኩት እርሱን ነው። አሁን ሳየው ግን ሁለት እኩል ዛፎች እኩል ሆነው እንደማይኖሩ ተረዳሁ። አንዱ ፀሐይ በልጦ አግኝቶ ሌላውን በክንድ በልጦታል፤ እንደ ጥንድ ጫማ አንዱ ከተበላሸ ሌላውም ይበላሻል። በጎደሎ ቁጥር፣ ሦስት ወይም አምስት ሆነው፣ አንዳቸው ጠጋ ሌላው ራቅ ብለው ቢተከሉ ልዩነታቸው ጉድለት መሆኑ ይቀርና ጨዋታ ይሆናል። ቀጥ ያለ ዛፍ ዝቅ ያለ ጎረቤት ይፈልጋል። ሥሩ አካባቢ ሬት፣ አደስ፣ ጦስኝ ቢኖር፤ መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ከጠቆረው አረንጓዴ ሥር ቢጫውን ቢያነጥፍ፣ ያን ጊዜ አምዱ ለምን እንደቆመ ይገባል።

ለዚህ ትምህርት ደግሞ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋዎች ያረጁ ጥዶች የተረፉት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ ነው። ከሩቅ የሚመጣ መንገደኛ ደብሩን የሚለየው አስቀድሞ በጥዱና በወይራው ጥቁር ጉልላት ነው፤ ቆርቆሮው የሚታየው በኋላ ነው። የመናገሻ ሱባን ደን ትውፊትም እናስታውስ፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ዛፍን ለማገዶም ለቋሚም ሳይሆን ለቦታው ክብር መትከል በእኛ ዘንድ እንግዳ ሐሳብ እንዳልነበረ ለማወቅ ትውፊቱ ራሱ ይበቃል። «ጥቅም» የሚለው መነጽር ያጠበበው ይህን ነው፤ የዐጸዱ ጥድ ሳይቆረጥ በመቆሙ የሚሰጠው ነገር በዝርዝሩ ውስጥ ስም አላገኘም።

ሚዛን

በደራሲው ላይ ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። የ1993ቱ እትም ለገበሬና ለአርብቶ አደር ማኅበረሰብ የተጻፈ መሆኑን በንዑስ ርዕሱ ላይ በግልጽ ተናግሯል። ደን በተራቆተበት፣ እናቶች ማገዶ ፍለጋ ተራራ በሚወጡበት አገር ዛፍን ስለ ጥቅሙ መጠየቅ የሚያስወቅስ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረውን ጥድና ወይራ አንድዳ ጨርሳ በባሕር ዛፍ የተረፈች ከተማ ናት። በዚህ ታሪክ ላይ ቆሞ «ቅርጹስ?» ብሎ መጠየቅ የጠገበ ሰው ጥያቄ ሊመስል ይችላል።

አይደለም። ሰው ዛፍን የሚንከባከበው ሲጠቅመው ብቻ አይደለም፤ ሲወደውም ነው። በከተማ የሚኖር ሰው ከጥድ ቋሚ አይፈልግም፣ ቋሚው ብረት ነው፤ ማገዶም አይፈልግም። ለእርሱ ጥድን የሚያቀርበው መልኩ ብቻ ነው። መልኩን የሚያስረዳው ከሌለ ሻጩ ያወጣለትን ይገዛል። የሐበሻው ጥድም ቀስ በቀስ ከግቢ ወጥቶ የተራራና የደብር ብቻ ይሆናል። በ2007 ከተማው እያበጠ ሳለ የተሻሻለው እትም ለዚህ አንባቢ አንድ ምዕራፍ ቢጨምርለት ኖሮ ጠቃሚ የሚለው ቃል ራሱ ይሰፋ ነበር።

ሌላው ቅሬታዬ ቋንቋው ነው። ስሞቹ በብዙ ቋንቋ አሉ፤ ዕውቀቱ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ። የዛፉን ስም በራሱ አፍ የሚያገኘው ገበሬ ስለ ዛፉ የተጻፈውን ለማንበብ አስተርጓሚ ይፈልጋል። ያ ችግኝ ሻጭ ልጅ መጽሐፉ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ በእጁ ቢኖር ኖሮ «ጥድ ጥድ ነው» ብሎ አይስቅም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የምፈልገውን ቅርጽ ከእጄ ምልክት ወዲያው ያነበበ ልጅ ገጽ ማንበብ አያቅተውም ነበር።

ይህ ሁሉ ተብሎ መጽሐፉ ከመደርደሪያዬ አይወጣም። ዛፍ ለመለየትና ስፍራውን ለማወቅ እንደ እርሱ ያለ መሪ አላገኘሁም። ለአትክልት ቅንብር ሲሆን ግን በሩ ድረስ ሸኝቶ የሚመለስ መሪ ነው፤ ከበሩ ወደ ውስጥ ያለውን መንገድ አንባቢው በራሱ ዓይን መፈለግ አለበት።

እኔም መፈለግ ጀምሬያለሁ። ከስድስቱ የጓሮ ጥዶች መካከል ሦስተኛው ከሌሎቹ ይለያል። እኩል ቀን ተተክሎ፣ እኩል ውኃ ጠጥቶ፣ ወርዱ የጎረቤቶቹን እኩሌታ አይሞላም፤ ቅርንጫፎቹን ነጠላውን እንደተከናነበ ሰው ወደ ራሱ ሰብስቧል። ወንድ መሆኑን በአቧራው ዐወቅሁ፤ ፍሬ አይሰጠኝም፣ ስለዚህ ከእርሱ የሚለቀም ዘር የለም። ባለፈው ክረምት ከአናቱ በታች ካሉት ቀጥ ያሉ ጫፎች ሃያ ቁራጭ ወስጄ በአሸዋ ላይ ተከልኩ፣ በላስቲክ ሸፈንኩ፣ ጥላ ሥር አስቀመጥኩ። ዐሥራ ሰባቱ ደረቁ። ሦስቱ ሥር ያዙ። ሦስቱ እንደ አባታቸው ቀጭን ሆነው ይቁሙ አይቁሙ ለማወቅ ገና ብዙ ዓመት ይቀረኛል፤ ሲያረጁ የሚከፈቱም ሊሆኑ ይችላሉ።

እስከዚያው የመጽሐፉን የጥድ ገጽ ገልጬ፣ ከአያያዙ መስመር ሥር ባለው ባዶ ቦታ፣ «ቅርጽ» የሚል አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ። ከፊቱ የጻፍኩት «ከስድስት አንዱ ቀጭን፤ ሦስት ቁራጭ ጸድቋል» የሚል ብቻ ነው። የጻፍኩት በእርሳስ ነው፤ ዛፎቹ አድገው ሌላ ነገር ቢያሳዩኝ ላጥፋውና ላርመው።